ዘጠነኛው አንቀጽና የዳሲቱ ጉድጓድ

አቃቂ ላይ ሳህሌን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ሳህሌ አንብቦ ያልጨረሰው ወረቀት ላይ አይፈርምም። የደመወዝ መዝገብ ላይ እንኳ ሰልፉን አስቁሞ ያነባል። ከኋላው የቆሙት ሠራተኞች «ደግሞ ዳዊቱን ጀመረ» እያሉ ይስቁበታል። እሱ ጣቱን ከመስመር ወደ መስመር እየገፋ ይጨርሳል፤ ይፈርማል፤ ይሄዳል። ትምህርቱ ከቄስ ትምህርት ቤት አላለፈም። ለሥራው ግን በቅቶታል።

ሥራው በጣቢያው ሐዲድ መቀየር ነበር። ከድሬዳዋ የሚመጣውንና ከለገሃር የሚወርደውን ባቡር በየመስመሩ ያሳልፋል። በሠላሳ አንድ ዓመት የተማረው ትልቁ ነገር አንድ ነው፤ ባቡር በቃል አይሄድም። የጣቢያው ሹም ጽፎና ፈርሞ ለነጂው ካልሰጠ፣ መስመሩ ባዶ መሆኑን አገር ቢመሰክር ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። አዲስ ወረቀት ሲሰጥ ደግሞ ከሥሩ ሁልጊዜ አንድ መስመር ይኖራል፤ «ከዚህ በፊት የተሰጠ ትእዛዝ ሁሉ ተሽሯል»። በእንፋሎቱ ዘመን ነጂው ይህን ሲያነብ በኪሱ የነበረውን አሮጌ ወረቀት አውጥቶ ወደ እሳቱ ይወረውረው ነበር። ናፍጣ ከመጣ ወዲህ ቀዶ ይጥለዋል።

በ1956 ዓመተ ምህረት ኅዳር ወር፣ አርብ ማታ፣ ጎረቤቱ ዳሲቱ መጥታ «ጋሼ ሳህሌ፣ ነገ ከሰዓት ውል ልዋዋል ነውና እማኝ ሁነኝ» አለችው።

«አነባለሁ፤» አላት።

«ታነባለህ እንጂ! ማን ከለከለህ? ብቻ እንዳታስመሸን።»

ዳሲቱ የጀቤሳ ሚስት ነበረች። ጀቤሳ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አባቶቹ ባቡር አቃቂን ሳያውቃት በፊት ወንዙ ዳር የሚያርሱ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ሁሉ መሬት ለዳሲቱ የተረፋት ቤቷ ያለበት የላይኛው ግቢና ወደ ወንዙ የሚወርደው የታችኛው ማሳ ነው። በታችኛው ማሳ መካከል ጉድጓድ አለ። እሷና ጀቤሳ በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት የቆፈሩት ነው፤ እሱ ከታች እየቆፈረ፣ እሷ ከላይ አፈሩን በገመድ እየሳበች። መዳፏ ላይ የገመዱ ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ። ወንዙ በበጋ ይጎድላል፣ በክረምት ይደፈርሳል። ያ ጉድጓድ ግን ሚያዝያ ላይ እንኳ ነጥፎ አያውቅም። ላሞቿ ከሱ ይጠጣሉ፤ የሰፈሩ አሥራ አራት ቤት ከሱ ይቀዳል።

ማሳውን ለሃያ ዓመት ሊከራይ የፈለገው ቀናው የሚባል የድንጋይ ነጋዴ ነው። ቀናው ክፉ ሰው አልነበረም። ሳቂታ ነው፤ ለቅሶ አይቀርበትም፤ የታመመ ይጠይቃል። ቃል ሲሰጥ ግን ልክ የለውም። ለዳሲቱ ብቻ የቤቷን ክዳን በቆርቆሮ ሊቀይርላት፣ ወንድሟን ዘበኛ ሊያደርግላት፣ ለማኅበሯም ድንኳን ሊገዛ ቃል ገብቷል። ወረቀት ላይ ሲመጣ ሌላ ሰው ነው። ጀቤሳ በሕይወት ሳለ አንድ ወረቀት አስፈርሞት ነበር፤ የቀናው ካሚዮን ድንጋይ ከሚያስቆፍርበት ካባ ወደ አውራ ጎዳናው በጀቤሳ የላይኛ ግቢ ውስጥ እንዲያልፍ የሚፈቅድ። ጀቤሳ ለአንድ በጋ መስሎት አውራ ጣቱን ቀለም ነከረ። ወረቀቱ ግን የጊዜ ገደብ አልነበረውም። ይኸው አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። ካሚዮኑ በቀን ስድስት ጊዜ በዳሲቱ ደጅ ያልፋል፤ ያሰጣችው ጤፍ አቧራ ይለብሳል፤ እስካሁን ሦስት ዶሮና አንድ ጥጃ ጨፍልቆባታል። በጮኸች ቁጥር ቀናው ያንን ወረቀት ከደረት ኪሱ ያወጣል።

«ምን ላድርግ እትዬ ዳሲቱ፣» ይላታል። «የሟች ጣት ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ዳሲቱ ከቤቷ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ጠረጴዛ አወጣች። የቀናው ጸሐፊ ወልደሚካኤል የጽሕፈት መኪናውን በሁለት እጁ ታቅፎ መጣ። የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ኦላና ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀመጡ። እሳቸው አንዱ እማኝ ናቸው፤ ሌላው ሳህሌ።

የጉድጓዱ ነገር እንደሆነ ሐሙስ ዕለት አልቋል፤ ሁሉም የሚያስበው እንደዚያ ነበር። ቀናው በኦቦ ኦላና ፊት ቆሞ «ጉድጓዱን ማን ይነካብሻል? ሃያ ዓመት ሙሉ ቅጂ!» ብሏል። ኦቦ ኦላናም መርቀዋል። በወንዙ ዳር ሰዎች ዘንድ ልማድ ነበር፤ ትንሽ ነገር ይጻፋል፣ ትልቅ ነገር በሽማግሌ ፊት ይነገራል። ድንበሩ በየትኛው ግራር በኩል ነው፣ ዘመኑ ስንት ነው፤ ይህ ይረሳልና ይጻፍ። ውሃ፣ መቃብርና ጋብቻ ግን አይረሱም። በሽማግሌ ፊት የተባለን ነገር «ጻፉልኝ» ማለት ሽማግሌውን «ትክዳለህ» ማለት ነው። ስለዚህ ዳሲቱ ለጸሐፊው ስለ ጉድጓዱ ትንፍሽ አላለችም። ጉድጓዱን ከወረቀት ያራቀችው ከሁሉ አብልጣ ስላከበረችው ነው።

ወልደሚካኤል ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ። ንባቡ ፈጣን ነው፤ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስላል። የመሬቱ ስፋት፣ ዘመኑ፣ ኪራዩ ተነበበ። ሳህሌ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ዓይኑን ገለጠ። ተከራዩ ቢፈልግ ውሉን ለሌላ ሰው ወይም ለኩባንያ ማስተላለፍ ይችላል ይላል። ስምንተኛው አጥርና ግንብ ስለ መሥራት ነበር።

«አንቀጽ ዘጠኝ፤» አለ ወልደሚካኤል። «ወይዘሮ ዳሲቱ በራሳቸውና በሟች ባላቸው ወራሽነት በያዙት መሬት ጉዳይ፣ በሁለቱ ተዋዋዮች መካከል ያለው ስምምነት በሙሉ በዚህ ውል ተጠቃሏል። ከዚህ በፊት በቃል የተነገረም ሆነ በጽሑፍ የተደረገ ማናቸውም ስምምነት ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል።»

ቀናው የቀለሙን ጣሳ ከፍቶ ወደ ዳሲቱ ገፋ አደረገው። ዳሲቱ አውራ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ቆይ፤» አለ ሳህሌ። «ወረቀቱን ስጠኝ።»

«አሁን ተነበበ እኮ፣ ጋሼ፤» አለ ወልደሚካኤል።

«በጆሮዬ ነው የተነበበው።»

ተቀብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ። ከጣቢያው በኩል የዕቃ ባቡር ጮኸ። ቀናው ሰዓቱን አየ። ኦቦ ኦላና አንገታቸውን ደፍተው አንቀላፉ። የሳህሌ ጣት ሁለት ገጽ ወርዶ ዘጠነኛው ላይ ቆመ፤ እዚያም ብዙ ቆየ። የሚያውቀው መስመር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በየባቡሩ ወረቀት ሥር አይቶታል።

«ይህ ዘጠነኛው ምን ያደርጋል?» አለው ወልደሚካኤልን።

«እሱማ ማሳረጊያ ነው። ከፈረንጆች ውል ላይ ነው ያገኘሁት፤ ሁሉም ላይ አለ። ውሉን ያሳምረዋል።»

«ማሳመሩን ተው። ምን ያደርጋል?»

ወልደሚካኤል ወደ ቀናው ተመለከተ። ቀናው ወደ ባሕር ዛፉ ተመለከተ።

«ዳሲቱ፣» አለ ሳህሌ፣ «የጉድጓዱ ነገር የት ነው ያለው?»

«እንዴት የት ነው? ኦቦ ኦላና ፊት ነዋ የተባለው።»

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ ከዛሬ በፊት ነው። ይህ መስመር ‹ከዚህ በፊት በቃል የተነገረ ተሽሯል› ይላል። አንቺ እዚህ ላይ ጣትሽን ስታሳርፊ ሐሙስ ሞተ።»

የዳሲቱ እጅ ነጠላዋ ላይ ቀረ። ኦቦ ኦላና ነቁ። አንቀላፍተው እንዳልነበር ያን ጊዜ ታወቀ።

«ሳህሌ!» አሉ። «እኔ እዚህ ተቀምጬ? አንድ ፊደል ሳልጽፍ አርባ ዓመት ደም ያስታረቅሁ ሰው ነኝ። የእኔን ቃል ወረቀት ይሽረዋል?»

«እርስዎን አይሽርም፣ ኦቦ። የሰሙትን ነው የሚሽረው። ነገ ከነገ ወዲያ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ዳኛው ‹አባቴ፣ እናምንዎታለን፤ በእርግጥ ሰምተዋል። ተዋዋዮቹ ግን የሰሙትን ትተነዋል ብለው ፈርመዋል› ይልዎታል። በዚያ ዕድሜዎ በእግርዎ ሄደው ያንን ሰምተው ይመለሳሉ። ይጻፍ ከማለት የትኛው ነው ስድቡ?»

ኦቦ ኦላና ምርኩዛቸውን አዙረው ያዙ።

ቀናው ሳቀ። ሳቁ ሰፊ ነበር፤ ዳሲቱም ሳታስበው ፈገግ አለች። «ጋሼ ሳህሌ፣ አንቱ ደግሞ እዚህም ሐዲድ ሊቆልፉብን ነው የመጡት? እኔ እኮ ቀናው ነኝ! እትዬ ዳሲቱን ውሃ ከልክዬ በየት በኩል ወደ ቤቴ ልገባ? ሰፈሩ ያሳልፈኛል?»

«አንተ አትከለክልም፤» አለ ሳህሌ። «ታፍራለህ።»

«ይኸው! እራስዎ ተናገሩት።»

«ሰባተኛው ለኩባንያ ላስተላልፍ እችላለሁ ይላል። ኩባንያ ያፍራል?»

ቀናው የቀለሙን ጣሳ ወደ ራሱ ሳበው፤ ሳህሌ ቀጠለ።

«ኩባንያውን ኦቦ ኦላና ጠርተው የት ያስቀምጡታል? እዚህ በርጩማ ላይ? በስምንተኛው መሠረት ግንብ ይገነባል፤ በሩን ይዘጋል። ዳሲቱ ባልዲዋን ይዛ ሄዳ ‹ቀናው እንዲህ ብሎኝ ነበር› ብትለው ‹ቀናው ማን ነው?› ነው የሚላት። ልክም ነው። ወረቀቱ ላይ ውሃ የለም።»

ዳሲቱ መዳፏን ገልብጣ አየች። የገመዱን ጠባሳ ይሁን ሌላ፣ ሳህሌ አልጠየቃትም።

«መንገዱ ሁለት ነው፤» አለ ወደ ቀናው ዞሮ። «ወይ ዘጠነኛው ይውጣ፤ ያኔ የሽማግሌው ቃል ባለበት ይቆማል፣ ቢያንስ እንከራከርበታለን። ወይ ዘጠነኛው ይቆይና ጉድጓዱ ይግባ። ሁለቱም ያስኬደናል። ምረጥ።»

ቀናው አላፈጠነም። ሳህሌ ፊቱን ትቶ እጁን ተመለከተ። አውራ ጣቱ ሌሎቹን ጣቶች አንድ በአንድ እየነካ ሄደ። ቆርቆሮው። ዘበኝነቱ። ድንኳኑ። በአራተኛው ጣት ሳህሌ የማያውቀው ሌላ ነገር ነበር።

«ዘጠነኛው ይቆያል፤» አለ ቀናው በመጨረሻ። «እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ አፌ ክፍት ነው። ለማን ምን እንዳልኩ አላውቀውም። አንድ ወረቀት ይኑር፣ ሌላው ሁሉ ይለቅ።»

«ቆርቆሮውስ?» አሉ ኦቦ ኦላና። «እሱንም እኮ ሰምቼ ነበር።»

ዳሲቱ ቀደመች። «ቆርቆሮው ይቅር። የወንድሜም ሥራ ይቅር፤ እጅ አለው። ውሃው ይጻፍ።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ ዝቅ አለች። «ኦቦ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቃልዎን ተጠራጥሬ አይደለም። ይህ ወረቀት የሚነጋገረው እርስዎን ከማያውቅ ሰው ጋር ነው።»

ኦቦ ኦላና ምርኩዛቸውን ወደ ጽሕፈት መኪናው ቀሰሩ።

«እንግዲያው እኔ ልናገር፣ ይሄ ልጅ ይምታው።»

«ኦቦ፣ እንደ አዲስ ልመታው ነው? በሦስት ኮፒ!» አለ ወልደሚካኤል።

«መኪናው ምን ይበላል? ምታው!»

እሳቸው ተናገሩ፤ ወልደሚካኤል መታ። ጉድጓዱና ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው መንገድ ከኪራዩ ውጭ ነው። «ስፋቱ አራት ላም ጎን ለጎን» አሉ። «በክንድ ይንገሩኝ፣ ኦቦ፤ ላም ትወፍራለች ትከሳለች» አላቸው ወልደሚካኤል። ስምንት ክንድ ተባለ። ዳሲቱ፣ ልጆቿና ጎረቤቶቿ ይቀዱበታል፣ ከብቶቻቸውን ያጠጡበታል። ተከራዩም ሆነ ከተከራዩ የተረከበ ማንም አይከለክልም፤ ግንብ ቢሠራ በስምንቱ ክንድ በኩል በር ይተዋል። ይህ ሁሉ በስምንተኛው አንቀጽ ሥር ገባ። ዘጠነኛው በቦታው ቀረ።

ሳህሌ አዲሱን ወረቀት ተቀብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ።

«የእግዚአብሔር ያለህ!» አለ ቀናው።

ጣቱ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ሳህሌ ቀና አለ። «ቀናው፣ ይህ እንዳለ ይሁን?»

«እንዳለ!»

«‹በቃል› የሚለውም፣ ‹በጽሑፍ› የሚለውም? ‹በጽሑፍ› የሚለው ቢወጣ በእኛ በኩል ግድ የለንም።»

«ጋሼ፣ አሁንስ አበዙት! እሱም ጭምር! አንድ ፊደል አይነካ!»

«እሺ፤» አለ ሳህሌ፤ ፈረመ። ዳሲቱ ጣቷን አሳረፈች። ኦቦ ኦላና አሳረፉ። ቀናው ከሁሉም ረጅም በሆነ ፊርማ ፈረመ፤ የሁሉንም እጅ ጨብጦ፣ ዳሲቱን መርቆ ሄደ። ወልደሚካኤል መኪናውን ታቅፎ ተከተለው።

ወዲያው ካሚዮኑ የቅዳሜን የመጨረሻ ድንጋይ ጭኖ በላይኛው ግቢ አለፈ። አቧራው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ዳሲቱ የራሷን ኮፒ በነጠላዋ ሸፈነች።

«እሾህ አለሽ?» አላት ሳህሌ።

«የምን እሾህ?»

«የላይኛውን መግቢያ የሚዘጋ።»

«ምን ነካህ፣ ጋሼ? የጀቤሳ ጣት አለበት እኮ። ያንን ወረቀት ያወጣብኛል።»

«ያውጣው። ‹በሟች ባላቸው ወራሽነት በያዙት መሬት ጉዳይ፣ በጽሑፍ የተደረገ ማናቸውም ስምምነት ተሽሯል።› ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። አንቺም ሰምተሻል።»

ዳሲቱ ወረቀቱን ከነጠላዋ ሥር አወጣችው። ማንበብ አትችልም። ቢሆንም ታች ታቹን፣ ዘጠነኛው ያለበትን፣ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እርሱ ራሱ?» አለች።

«እርሱ ራሱ።»

ሰኞ ጠዋት የላይኛው መግቢያ በግራር እሾህ ተዘግቶ ነበር። የካሚዮኑ ሾፌር ዱሬሳ ጥሩምባውን ነፋ። ዳሲቱ ጤፏን እያበጠረች ቀና አላለችም። እሱ ደግሞ ነፋ።

«ጆሮዬ ደህና ነው፣ ዱሬሳ፤» አለችው። «ጌታህን ጥራው።»

ቀናው በእግሩ መጣ፤ እጁ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። ሳህሌ ከጣቢያው ተጠርቶ ሲደርስ ያ አሮጌ ወረቀት ወጥቶ ነበር፤ መታጠፊያው ላይ ተቀዷል።

«ጋሼ ሳህሌ፣ ይንገሯት፤ ይህ የሟች ጣት ነው።»

«ነው፤» አለ ሳህሌ። «አዲሱን ይዘሃል?»

ይዟል። ሁለቱም አንድ ኪስ ውስጥ ነበሩ።

«ዘጠነኛውን አንብበው። ጮክ በል፤ ዱሬሳም ይስማ።»

ቀናው ማንበብ ጀመረ። ‹በቃል› የሚለውን በድምፅ አለፈው። ‹በጽሑፍ› የሚለው ላይ ድምፁ ቀነሰ። ‹ተሽሯል› የሚለውን ለራሱ ብቻ አነበበው። ከዚያ ወደ እሾሁ፣ ከእሾሁ ወደ ሳህሌ ተመለከተ።

«ጠይቀውኝ ነበር፤» አለ።

«ሁለት ጊዜ።»

«አንድ ፊደል አይነካ አልኩ።»

«አልተነካም።»

ዱሬሳ ከመሪው ሆኖ ሳቁን ለመዋጥ ታገለ፤ አልቻለም። ቀናው መጀመሪያ ተቆጣ። ቀጥሎ ያ ሰፊ ሳቁ መጣበት፤ ከመምጣቱ በፊት ግን ትንሽ ዘገየ። አሮጌውን ወረቀት አራት ላይ አጥፎ ለዳሲቱ ሰጣት። «እንቺ፤ የባልሽ ጣት ነው፤ አንቺ ጋ ይቀመጥ፤» አላት። ዱሬሳን ደግሞ «በዙሪያው መንገድ ሂድ!» ብሎ አዘዘው።

የዙሪያው መንገድ ሩቅ ነው፤ አቀበትም አለው። በሦስተኛው ዙር የካሚዮኑ ራዲያተር ፈላ። ዱሬሳ ጣሳ ይዞ በታችኛው ማሳ በኩል ወረደ። ዳሲቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ትስባለች። ሳህሌም የጣቢያውን ባልዲ ይዞ ተራውን ይጠብቃል።

«እትዬ ዳሲቱ፣ ውሃ።»

«ውሉ ላይ አለህ?» አለችው።

«ምን ላይ?»

«‹ዳሲቱ፣ ልጆቿና ጎረቤቶቿ› ነው የሚለው። አንተ ከየትኛው ነህ?»

ዱሬሳ ጣሳውን አየ፤ ወደ ላይ፣ እንፋሎት ወደሚተፋው ካሚዮን አየ። «እኔስ ከየትኛውም አይደለሁም። ግን አቀበቱን ያወጣሽኝ አንቺ ነሽ።»

ዳሲቱ ሳቀች። ገመዱን ሳበች፤ ጣሳውን እስኪፈስ ሞላችለት።

«ውሰድ፤» አለችው። «ይሄኛው ከወረቀቱ ውጭ ነው።»

ሳህሌ ባልዲውን አንሥቶ ወደ ጣቢያው ወጣ። የዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር ቆሞ ወረቀቱን እየጠበቀ ነበር።